ከማነጻጸሪያው ኩሬ ዳር፣ ለተከበሩ የጎርፍ ውሃ ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን የጎርፍና የፍሳሽ ውሃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፤

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ መስኮት ሥር የተተከሉት ጽጌረዳዎች ሁሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ጽጌረዳዎቹን መጥቀሴ እንዳይገርምዎ፤ ባለፈው አቤት ልል መጥቼ ጠዋት ኮሪደርዎ ላይ ተቀምጬ ማምሻውን ስነሳ፣ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ያዞረልኝ ከእነሱ በቀር አልነበረም። እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ። ኩሬዬም እርስዎ እንዳሉት ሆኖልዎታል።

የምጽፍልዎ፣ በታችኛው ሰፈር ቦዩ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ግራውን ይዘው ሲወርዱ መጨረሻ ላይ የሚያገኟት፣ የልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ቤት ያለችኝ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ ስለዚህ ቃል ቢጎድል ወይም ቢበዛ እንደ እናት ቆጥረው ይለፉኝ። ደብዳቤውን በአደባባይ መጻፌም ለድፍረት አይደለም። የታሸገ ወረቀት ቢሮዎ ሲገባ መግቢያው እንጂ መውጫው ስለማይታወቅ ነው።

ለማያውቁን አንባቢዎች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከኮረብታው ላይ ግቢያቸውን በሣር ያለበሱ ትልልቅ ቤቶች አሉ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ የከብት እርባታ አለ። ዝናብ በጣለ ቁጥር የሣሩ ማዳበሪያ፣ የከብቱ እበትና የበሰበሰው ቅጠል ታጥቦ በአንድ ቦይ ቁልቁል ይመጣል፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ቦዩ እንደ ሱሪ ለሁለት ይከፈላል። ቀኙ እግር ታናሽ እህቴ ጓሮ ወዳለው ኩሬ፣ ግራው እግር እኔ ጓሮ ወዳለው ኩሬ ይገባል። ሁለቱን ቤት ያወረሰችን ነፍሷን ይማርና እናታችን ናት። ታላቅ ነኝና ሰፊው ግቢ ለእኔ ደረሰ፣ ጠባቡ ለእህቴ። እህቴ ያኔ ብዙ ጊዜ አኩርፋኝ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለቱም ኩሬዎች ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይብስባቸው ነበር። ላያቸው አረንጓዴ ለብሶ፣ ሥራቸው ጠቁሮ፣ ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ይንሳፈፍ ነበር። ታዲያ እርስዎ አንዲት መነጽራም ባለሙያ ላኩልን። ልጅቷ ሸጋ ናት፣ በእሷ ቅሬታ የለኝም፤ ጫማዋን አውልቃ ጭቃ ውስጥ የገባች የመጀመሪያዋ የቢሮዎ ሰው እሷ ናት። ኩሬዎቻችሁ የታመሙት ተርበው አይደለም፣ ጠግበው ነው አለችን። ናይትሮጂንና ፎስፈረስ የሚባሉት ነገሮች ለሰብል ምግብ ናቸው፤ ኩሬ ውስጥ ሲገቡ ግን የሚቀልቡት አረንጓዴውን ልባስ ነው። እሱ ይወፍርና ይሞታል፣ ሲሞት ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ የውሃውን አየር ጨርሶ ዓሣውን ያፍነዋል። እኛ የሰፈሩ ሴቶች እርስ በርስ ተያየን። በሰፈራችን ጠግቦ የሚያድር እንዳለ የሰማነው ያን ጊዜ ነው፣ እሱም ኩሬው ሆኖ ተገኘ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ ኮረብታ ላይ ያለው ሣር ይበላል፣ የሚያገሳው የእኛ ጓሮ ነው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው ብንላት ከሰል ነው አለችን። ከሰሉ በዓይን የማይታይ ስንትና ስንት ቀዳዳ አለው፤ የብረት ውሃ አጠጥተው በቦዩ ላይ ሲያስቀምጡት በሚያልፈው ውሃ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ይዞ ያስቀራል። ከሥሩ የሚነጠፈው የእንጨት ፍቅፋቂ ደግሞ ጥቃቅን ነፍሳት ያድሩበትና ናይትሮጂኑን እነሱ ይጨርሱታል። እንግዲህ እኔ በከሰል ካውያ ስተኩስ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከሰል እጅ ያጠቁራል፣ ጨርቅ ያቃጥላል፣ ዓይን ያስለቅሳል እንጂ ውሃ ያጥባል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ደስ አለኝ። እንደ ዘመድ ኮራሁበት።

ከዚያ ሠራተኞችዎ መጡ። በእህቴ ቦይ ላይ ከሰሉን በከረጢት በከረጢት ደርድረው፣ በሽቦ አጥረው፣ «የሙከራ ኩሬ» የሚል ምልክት አቆሙላት። እኔም ቡናማ ቀሚሴን ለብሼ ተራዬን ስጠብቅ ወደ እኔ ዞሩና ከሰል የሌለበት ምልክት ብቻ ተከሉልኝ። «የማነጻጸሪያ ኩሬ፤ አይነካ» ይላል። ባለሙያዋ አቀርቅራ እንዳስረዳችኝ የአንዱ ኩሬ መዳን የሚታወቀው ሌላው እንደታመመ ሲቆይ ነው። ስለዚህ የእህቴ ኩሬ ማማሩ እንዲታይ የእኔ መግማት አለበት ማለት ነው። በዕድሜዬ ሙሉ ለቁም ነገር ተመርጬ አላውቅም ነበር፤ ለዚህ ስለመረጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

አሁን ቅሬታዎቼን በቁጥር ላስቀምጥ፣ ቢሮዎ ቁጥር ይወዳል ተብያለሁና።

አንደኛ፤ የማጥበው በቧንቧ ውሃ ቢሆንም የማሰጣው ጓሮ ነው። ነጭ ጋዋኖቹን ከእኔ ሌላ ሰው አስነክቶ የማያውቀው ጥርስ ሐኪም አንድ ቀን መጥቶ፣ ጋዋኑን ለብሶ ጎንበስ ባለ ቁጥር ታካሚዎቹ አፋቸውን እንደሚዘጉበት በትሕትና ነገረኝ። አፉን የዘጋ ታካሚ ይዞ ምን ያድርግ? ልብሱን ቀኝ ሰፈር ወዳለው ማጠቢያ ቤት ወሰደ።

ሁለተኛ፤ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል የእህቴ ከሰል ያን ሁሉ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። ውሃው እዚያ በር ላይ ይጨናነቅና፣ ሰው የሞላበትን ታክሲ ትቶ ወደ ባዶው እንደሚሄድ፣ ወደ እኔ ይዞራል። ስለዚህ የራሴን ብቻ ሳይሆን የእሷንም ድርሻ እጠጣለሁ። በሰፈሩ ስብሰባ ላይ የእርስዎ ምክትል ቆመው፣ ከማነጻጸሪያው ኩሬ ጋር ሲታይ የሙከራው ኩሬ ልዩነት ከጠበቅነው በላይ ነው ብለው ሲያስጨበጭቡ እኔም አጨበጨብኩ። ልዩነቱ እኔ ነኛ! የራስ ነገር ሲመሰገን ዝም አይባልም።

ሦስተኛ፤ ዳክዬዎቹ። እናቴ በሕይወት እያለች ጀምሮ የእኔን ኩሬ ቤቴ ብለው የኖሩ ዳክዬዎች አንድ ጠዋት ተሰልፈው፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ በአጥሩ ሥር ሾልከው ወደ እህቴ ኩሬ ገቡ። ዳቦ የቆረስኩላቸው እኔ፣ ጫጩት የፈለፈሉላት ለእሷ። ሰውስ ሰው ነው፤ ዳክዬ ይከዳኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አራተኛው ቲማቲም ነው። ከረጢቶቹ ሲጠግቡ ሠራተኞችዎ ያወጧቸውና ያረጀውን ከሰል ለእህቴ ጓሮ ይሰጧታል፤ የያዘው ምግብ ለአትክልት ጥሩ ነው ይላሉ። እህቴ በዚያ ከሰል ላይ ቲማቲም ተከለች። የፍሬው መጠን የሕፃን ጭንቅላት ያክላል ብል ዋሸሁ፣ የቡጢ ያክላል ብል ግን እውነት ነው። አንድ ቅርጫት ሞልታ ላከችልኝ። ላለመብላት ብዙ ታገልኩ፤ ከዚያ አንዱን ቀመስኩ፣ ከዚያ ቅርጫቱን ጨረስኩ። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ይቅር እላት ነበር። ጣፋጭ መሆኑ ነው ያቃጠለኝ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላሉ አባቶች፤ የእኔ አጥንት ቢከፈት ኖሮ ከእርስዎ ከሰል የበለጠ ቀዳዳ ይገኝበት ነበር።

አምስተኛ ብዬ የምጀምረው ነገር ነበረኝ፣ በቲማቲሙ ንዴት ጠፋብኝ። ሲመጣልኝ እጽፋለሁ።

እንግዲህ ተቀምጠን አልቀረንም። ከሰል ከሆነ ነገሩ ከሰል በእኔ ቤት አይጠፋም ብዬ፣ ከካውያዬ የተረፈውን ሁሉ ከነአመዱ በጆንያ ሞልቼ ቦዩ ውስጥ ከተትኩት። ኩሬው በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ። ባለሙያዋ አይታ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣትና፣ አመድ ራሱ ፎስፈረስ አለው፣ ጠግቦ ለታመመ ሰው መድኃኒት ነው ብለሽ ቅባት አጠጣሽው አለችኝ። እሺ፣ አላወቅኩም። ሁለተኛ ጊዜ ግን አመዱን ነፍቼ፣ ከሰሉን ወቅጬ፣ ደጋግሜ አጠብኩት። ማጠብ የእኔ ሥራ ነው። አናጢው ፍቅፋቂ ሰጠን። ጡረታ የወጣው መካኒክ፣ ሰፈሩ ጋሼ ቡሎን የሚለው፣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን የዛገ ቡሎን በባልዲ ዘፍዝፎ ቀይ ውሃ አወጣና ከሰሉን አጠጣልን። በአሮጌ መጋረጃ ሰፍተን፣ በድንጋይ ደግፈን፣ ቦዩ ላይ አስቀመጥነው። እንደ እርስዎ ከሰል ጥሩ ነው አልልም። ውሃው ግን ቀስ በቀስ ቀለሙን መቀየር ጀመረ፣ አንዲት ዳክዬም አጥሩ ላይ ቆማ አንገቷን አስግጋ አየችን።

ያኔ ነው ቢሮዎ እንዳለን ያስታወሰው። አቤት ስንል ያልመጣ መኪና ስንፈወስ በሩጫ ደረሰ። የሠራተኞቹ አለቃ ቆቡን አውልቆ መጋረጃችንን ከቦዩ ማንሳት ሲጀምር፣ ምን አጠፋን ብዬ ጠየቅኩት። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ማፈሩ ፊቱ ላይ ይታያል።

«እናቴ፣ አልሠራም ብዬ አይደለም የማነሳው» አለኝ። «ስለሠራ ነው።»

ይህን አባባል ካውያዬ ከሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ ጽፌዋለሁ። የመሥሪያ ቤትዎን ዓላማ ከዚህ አሳጥሮ የገለጸው አላየሁም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቀላል ነው። ከባዱ ልጄ ናት። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ልትዳር ነው። ገና ጡት ሳትጥል ጀምሮ ድንኳኗ የሚተከለው በዚሁ ሰፊ ግቢ፣ ጠረጴዛው የሚዘረጋው እስከ ኩሬው ዳር ድረስ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። አንሶላ ሳሰጣ እንኳ ዓይኔ የሚለካው ድንኳን ነበር። የሙሽራው እናት ግቢውን ልታይ መጣች። ጨዋ ሴት ናት፤ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በሩን አመሰገነችልኝ። በሩን! ሌላ የምታመሰግነው አጥታ። ልጄ ቀስ ብላ ወጥ ቤት ገባችና እጄን ይዛ፣ እማዬ፣ አክስቴ ጓሮ ቢሆን ምን ይመስልሻል አለችኝ። እኔም ደስ ይለኛል አልኳት። ከዚያ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ ሁለት ቦታ አቃጠልኩ።

በማግስቱ እህቴ በአጥሯ ውስጥ ገመድ ይዛ ድንኳን ስትለካ አየኋት። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ በእጄ ማጭድ አልነበረም፣ ምላስ ግን ነበረኝ። ኩሬዬን ወሰድሽ፣ ዳክዬዎቼን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ ልጄን አልኳት። እሷም የዋዛ አይደለችም፤ ሰፊውን ግቢ ስትወስጂ እኔ መች አጥር ላይ ቆሜ ጮህኩ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ተዘጋ። ቲማቲምም ተቋረጠ፤ አልዋሽዎትም፣ ሁለቱም ነው የከበደኝ።

አሁን ወደ ምልክቱ ልምጣ። አንድ ጠዋት የልብስ ገመዴን ልዘረጋ ስወጣ «የማነጻጸሪያ ኩሬ» የሚለው ጠፍቶ በቦታው «የሙከራ ኩሬ» የሚለው ቆሟል። ማን እንዳዘዋወረው አላየሁም። በሰፈራችን ነፋስ ይበረታል። እህቴ እስከ ክርኗ ቀይ አፈር ነበረች፣ ቲማቲም ስኮተኩት ነው አለች። ጋሼ ቡሎንም መፍቻውን ይዞ አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ ቲማቲሙን ሊያጠብቅላት ይሆናል። የሆነው ሆኖ የዝናቡ ወቅት መግቢያ ነበርና ሠራተኞችዎ አዲሱን ከሰል ጭነው መጡ። ቦዩን አላዩም፣ ኩሬውን አላዩም፣ የታየው ምልክቱ ነው። ምልክቱ «ሙከራ» ባለበት፣ በእኔ ቦይ ላይ፣ ከረጢቱን በሥርዓት ደርድረው፣ በሽቦ አጥረው፣ አስፈርመውኝ ሄዱ። እግዜር ይስጣቸው። የእርስዎ ሰዎች የተጻፈን ነገር እንዲህ ማክበራቸው ያኮራል።

እኔም ኩርፊያዬን ዋጥ አድርጌ እህቴ ቤት ሄድኩ። ለምን ይህን አደረግሽ አላልኳትም፤ ነፋስ ለምን ነፈስክ አይባልም። ገና ሳልቀመጥ እሷ ራሷ ጀመረችው።

«እትዬ፣ አንቺ በኩሬዬ ቀናሽ፣ እኔ በልጅሽ ነው የቀናሁት» አለችኝ። «ጓሮዬ ይሁን ያልኩት ውሃ ላሳይበት አይደለም። አልወለድኩ። አንድ ቀን እንኳ ድንኳን በር ላይ ቆሜ እንግዳ ልቀበል ብዬ ነው።»

ክቡር ኃላፊ፣ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የቆጠርኩት ዳክዬና ቲማቲም ነበር። ይህን አልቆጠርኩትም። እናታችን ግቢውን ስታካፍል አንዳችን ሰፊ አንዳችን ጠባብ እንዳገኘን አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እህቴ ጠባቡ ውስጥ ብቻዋን እንደቀረች ግን አጥሯን ተሻግሬ አላየሁም። ተቃቅፈን ትንሽ አለቀስን፤ ብዙ እንዳናለቅስ የአንድ ደንበኛ ሸሚዝ ነበር የያዝኩት።

ያን ዕለት ተስማማን። ድንኳኑ በእኔ ግቢ ይተከላል፤ በሩ ላይ የሙሽራ እናት ሆነን የምንቆመው ሁለታችን ነን። በእሷ ቦይ ያለው ከሰል ያምና ነውና፣ ከረጢቱ ቢደክም ብለን፣ አለቃው ከቦዩ አንሥቶ ጥሎልን የሄደውን በመጋረጃ የሰፋነውን የራሳችንን ጨመርንላት። ዛሬ የእኔ ኩሬ ሥሩ ያለው ጠጠር ይታያል። ዳክዬዎቹ ግማሹ ተመልሰዋል። ይቅር ብያቸዋለሁ፣ ዳቦውን ግን አሳንሼባቸዋለሁ። የሙሽራው እናትም ዳግም መጥታ በሩን ሳታይ በቀጥታ ወደ ኩሬው አለፈች።

ታዲያ ትናንት ያው አለቃ ቆቡን በእጁ ይዞ መጣ። ቢሮው ነገሩን ደርሶበታል፤ የመለኪያ ቁጥሮቹ ተምታተዋል፤ ስለዚህ የፊታችን ዓርብ ከሰሉ ከእኔ ቦይ ተነሥቶ ኩሬው ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል አለኝ። ወደ ቀድሞ ሁኔታው ማለት ወደ ግማቱ ማለት ነው። የልጄ ሰርግ ቅዳሜ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፣ ከሰሉ አይነሳ። ለቅዳሜ ብቻ አይደለም፤ ለቅዳሜ ብቻ ከሆነ ሰኞ ደግሞ ከእህቴ ጋር በአጥር ላይ መሰዳደብ ልጀምር ነው፣ እሷም እኔም ለዚያ አርጅተናል። ሁለቱም ኩሬ ከሰል ይኑረው። ማን አዛወረው ብለው የሚጠይቁ ከሆነም የሰፈሩ ሰው በሙሉ ነፋስ ነበርን ብሏል፤ ስም መጻፊያ ወረቀትዎን በርከት አድርገው ይላኩ። ከሰሉን ለማንሳት ለሚመጡት ሠራተኞችም ቦዩ ዳር ወንበር ደርድረን እንጠብቃቸዋለን። ወንበሮቹ ላይ የምንቀመጠው እኛ ነን፣ እነሱ ሲደክማቸው ይመለሱ።

አሁን ትዝ አለኝ፣ አምስተኛው ቅሬታ ይኸው ነው፤ ኮረብታው። ሣራቸውን ከልክ በላይ የሚቀልቡት ቤቶች በር ላይ ምንም ምልክት ቆሞ አላየሁም። ጠግቦ የሚመጣውን ውሃ እኛ ታች ሆነን በከሰል ከምናጣጥበው፣ ከላይ ሲጎርስ አንድ ሰው እጁን ቢይዘው ከሰሉም ባልደከመ ነበር። ይህን ግን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ቤትዎ እዚያው ኮረብታ ላይ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሣሩ ያምራል ይባላል።

እንግዲህ ሥራዎን ስላስፈታሁዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ከኩሬዬ ጠጠር፣ ከዳክዬዎቼ ግማሽ፣ ከእህቴ ቲማቲም (አሁንም ከእኔው ይበልጣል፣ አሁንም ያቃጥለኛል) ጋር ሆኜ፣ ለትዕግሥትዎ፣ ለኮሪደርዎ ወንበርና ለተዘጋው በርዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

እስከ ዓርብ ድረስ የሙከራ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ፈቃድዎ የምትሆነው፣
የግራው ቦይ ልብስ አጣቢ

ሳልረሳው፤ ለቅዳሜው ሰርግ ተጋብዘዋል። ለእርስዎ የተያዘው ወንበር ከኩሬው ዳር የመጀመሪያው ነው። ከሰሉ ቢነሳም ባይነሳም ወንበሩ ከዚያ አይነሳም።

ደግሞም ሳልረሳው፤ «የማነጻጸሪያ ኩሬ፤ አይነካ» የሚለው ምልክትዎ ጠፋ እንዳይሉ። እህቴም ጓሮዋ እንዲቆም አልወደደችም፤ ስለዚህ አጥበን፣ ወልውለን፣ «ኩሬ» የሚለውን ቃል ብቻ በቀለም ሸፍነን፣ ዛሬ ማለዳ ከቢሮዎ በር አጠገብ ተክለነዋል። ለማነጻጸሪያ የሚሆነው ምንም ያልተሠራበት ቦታ ነው ብላ ያስተማረችን የራስዎ ባለሙያ ናት፤ ብንዞር ብንዞር ከዚያ የተሻለ አላገኘንም።